የገጠሩ ሸኽና የፕሮፌሰሩ ሚዛን



በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሃይማኖትን የሚያጠና የትምህርት ዘርፍ አለ። እንደ መድረሳ «አላህ ምን አዘዘ?» ብሎ አይጠይቅም። «ሰዎች ያመኑትን ለምን አመኑ? እምነታቸውንስ እንዴት ይኖሩታል?» ብሎ ነው የሚነሳው። ልጆቻችሁ ታሪክ ወይም ሶሲዮሎጂ ወይም አንትሮፖሎጂ ሊማሩ ሲገቡ ከዚህ ዘርፍ ጋር ይገናኛሉ፤ ቤት ሲመለሱም አንዳንድ አዳዲስ ቃላት ይዘው ይመጣሉ። ከነዚህ አንዱ «ሕዝባዊ እስልምና» የሚለው ነው። አያታቸው የቀሩበት የገጠር መስጊድ፣ የሚሄዱበት ዚያራ፣ ሌሊት የሚሉት መንዙማ ሁሉ በዚህ ስም ተጠቅልሎ አንድ ጥግ ይቀመጣል። በሌላው ጥግ ደግሞ «የዑለማእ እስልምና» የሚባል ይቆማል። ይህ ክፍፍል ከየት መጣ? የተመዘነበት ሚዛንስ ትክክል ነው ወይ? ዛሬ ከእናንተ ጋር ልነጋገርበት የፈለግኩት ይህን ነው።

ስለ ክፍፍሉ ብዙዎች ጽፈዋል። እንደ ቤት አዋቅሮ፣ ማገርና ጣሪያ ሰጥቶ ያቆመው ግን ኧርነስት ጌልነር ነው። ጌልነር እ.ኤ.አ. በ1925 ፓሪስ ተወልዶ ፕራግ ያደገ፣ በለንደንና በካምብሪጅ ያስተማረ፣ በ1995 የሞተ ፈላስፋና አንትሮፖሎጂስት ነበር። በ1950ዎቹ ወደ ሞሮኮ ሄዶ በከፍተኛው አትላስ ተራራ በሚኖሩ የበርበር ጎሳዎች መካከል ጥናት አካሄደ። ያገኘውን እ.ኤ.አ. በ1969 «የአትላስ ወልዮች» በሚል መጽሐፍ አወጣ፤ በ1981 ደግሞ «የሙስሊም ኅብረተሰብ» የተሰኘውን አሳተመ። የመጀመሪያው ስለ አንድ ተራራ ሕዝብ ነው። የሁለተኛውን ርእስ ግን አስተውሉ። ስለ አንድ ተራራ ሳይሆን ስለ ሙስሊም ሁሉ ነው የሚናገረው።

አባባሉን ባጭሩ ላስረዳ። በከተማ ነጋዴና ዓሊም ይኖራሉ። እነዚህ ማንበብ ይችላሉ፤ ሃይማኖታቸው በኪታብ ላይ የቆመ፣ ረጋ ያለ፣ በአላህና በባሪያው መካከል አማላጅ የማይሻ ነው። በገጠር ደግሞ መንግሥት የማይደርስባቸው ጎሳዎች አሉ። ማንበብ አይችሉም። በግጦሽና በውኃ ይጣላሉ፤ ስለዚህ በመካከላቸው ቆሞ የሚያስማማ፣ መሐላ የሚያስፈጽም፣ ከማንም ያልወገነ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ይህ ሰው ወልዩ ነው። ሃይማኖታቸውም በሰው፣ በመቃብር፣ በበዓልና በዜማ ላይ ይቆማል። ጌልነር እንደሚለው የሙስሊሙ ታሪክ በነዚህ በሁለቱ መካከል እንደ ፔንዱለም ሲወዛወዝ ኖሯል። የነገሥታቱን መውጣትና መውረድ ከኢብን ኸልዱን ሙቀዲማ ወሰደ። የእምነቱን መወዛወዝ ደግሞ ከስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም፣ ሂዩም በ1757 ካሳተመው ድርሰት አገኘ። ሁለቱን ገምዶ አንድ ገመድ አደረጋቸው። በመጨረሻ ዘመናዊ መንግሥት መጣ፤ መንገዱ ተሠራ፣ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ ጎሳው መሣሪያውን ፈታ፤ ፔንዱለሙም ከተማው ላይ ቆመ ይላል።

ሰውየውን ጠላት አድርጌ እንዳቀረብኩት አትቁጠሩብኝ። ዘመናዊነት ሲገባ ሃይማኖት ይሞታል የሚለው አስተሳሰብ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ሕግ በሚታይበት ጊዜ፣ እስልምናን በተመለከተ ይህ አልሠራም ብሎ በግልጽ ከጻፉት አንዱ እሱ ነው። የአሐንሳል ዛውያ ቤተሰቦች በጎሳዎች ድንበር ላይ ተቀምጠው እንዴት እንደሚያስታርቁ የጻፈውም በዓይን የታየ ነገር ነው። እኛ አገርም ቢሆን ይህ እንግዳ አይደለም። በወሎ አበጋሮች ደም ያደርቃሉ፤ ሸኹ በተቀመጡበት የተጣላ ሰው ድምፁን ከፍ አያደርግም። ስለዚህ ያየውን አይቷል። ጥያቄዬ ያየው ላይ ሳይሆን ካየው ተነስቶ የት ድረስ ሄደ የሚለው ላይ ነው።

መድረሳ ገብታችሁ ኡሱሉል ፊቅህን የቀራችሁ «ቂያስ መዐል ፋሪቅ» የሚለውን ታውቁታላችሁ። ላልቀራችሁት፦ አንዱን ነገር በሌላው ላይ ስትለኩ በሁለቱ መካከል ፍርዱን የሚለውጥ ልዩነት ካለ ልኬቱ ይፈርሳል ማለት ነው። ዑለማኦቻችን ይህን ሕግ ያወጡት አንድን ፍርድ ከአንድ ጉዳይ ወደ ሌላ ጉዳይ ሲያሻግሩ እንዳይሳሳቱ ነው። የጌልነር ሥራ ደግሞ ከአንድ ተራራ ወደ ዓለም የተሻገረ ልኬት ነው። እንግዲህ ልዩነት አለ ወይ ብለን መጠየቅ ያለብን በራሱ በሕጉ ነው።

ከሞሮኮ እንጀምር፤ ከራሱ ደጅ። ከአትላስ ተራራ ወዲያ፣ በረሃው አፋፍ ላይ፣ በድራዕ ሸለቆ ውስጥ ተምግሩት የምትባል መንደር አለች። የናሲርያ ጠሪቃ ዛውያ ያለው እዚያ ነው። ዛውያ ነው፤ ወልይ የተቀበረበት ነው፤ ዚያራ የሚኬድበት ነው። ነገር ግን በመጻሕፍቱ ብዛት የታወቀ ቤተ መጻሕፍትም አለው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሩቅ ደረሶች እየመጡ ይቀሩበት ነበር። እዚያ ከቀሩት አንዱ አልሐሰን አልዩሲ ነው። ዩሲ የበርበር ልጅ፣ የተራራ ሰው ነው። ያስተማረው ድላእ በሚባል ሌላ የገጠር ዛውያ ነው፤ ይህን ዛውያ ሱልጣን መውላይ ረሺድ እ.ኤ.አ. በ1668 እስኪያፈርሰው ድረስ። እ.ኤ.አ. በ1691 ሲሞት በመንጢቅና በዐቂዳ ኪታቦች ትቶ፣ ለሱልጣን መውላይ ኢስማዒል የምክር ደብዳቤ ጽፎ፣ ሕዝቡ ደግሞ ወልይ ብሎት ነው። እስቲ ይህን ሰው በጌልነር ሚዛን የትኛው ሰሐን ላይ እናስቀምጠው? በከተማው ሰሐን ብናደርገው ገጠሩ ይጎትተዋል፤ በገጠሩ ብናደርገው ኪታቡ ይጎትተዋል።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ጌልነር ጥናቱን ያካሄደው ኢትዮጵያ ውስጥ አይደለም። ርእሱ ግን «የሙስሊም ኅብረተሰብ» ከሆነ ወሎም ሐረርም ውስጡ ናቸው፤ ሚዛኑን እዚያ መሞከር መብታችን ነው።

ሐረርን አስቀድሜ ቶሎ ልለፋት፤ ማስረጃዋ ደጃፍ ላይ የሚታይ ነውና። ሐረር በግንብ የታጠረች ከተማ ናት። የነጋዴ፣ የዓሊም፣ የኪታብ ገልባጭና ደጓሽ ከተማ ናት። በጌልነር አባባል ወልይ ገጠር ሊኖር፣ ከተማው ከሱ የጸዳ ሊሆን ይገባ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የወልይ ሥፍራዎች ቆጥሯል። ከግንቡ ጋር ስማቸው የሚነሳው አሚር ኑር ራሳቸው ገዢ ነበሩ፤ መቃብራቸው እስከ ዛሬ ይዘየራል። እንግዲህ ከመስጊዱ ቁጥር የወልዩ ሥፍራ የሚበልጥባት ከተማ ካለች፣ «ወልይ የገጠር ነው» የሚለው ቃል ምን ይዞ ይቆማል?

ወሎ ላይ ግን ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። በወሎ የሆነው የሐረር ግልባጭ ነው። ሐረር ከተማው ወልይ አለው፤ ወሎ ደግሞ ገጠሩ ዓሊም አለው። የወሎ ትላልቅ የቂርአት ቦታዎች ከተማ አልነበሩም። ጀማ ንጉሥ፣ ዳና፣ ጌታ፣ ሾንኬ፤ እነዚህ ተራራና መንደር ናቸው። ጀማ ንጉሥን ያቀኑት ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ የቃዲርያ ጠሪቃ ሸኽ ናቸው፤ መውሊዱ የታወቀው በሳቸው ነው። ያቀሩም ነበር። ጌታን ያቀኑት ሐጂ ቡሽራም እንዲሁ። ደረሳው ለፊቅህ ወደ አንዱ ሸኽ፣ ለነሕው ወደ ሌላው፣ ለተፍሲር ወደ ሦስተኛው በእግሩ ይጓዝ ነበር፤ ዓመታት ይፈጃል። በጌልነር አባባል ማንበብ የማይችል የገጠር ሰው ኪታብ ስለማያውቅ ወልይ ይፈልጋል። በወሎ የሆነው ሌላ ነው። ማንበብ የማይችለው ገበሬ ነው ደረሳውን ያበላው። ጎተራውን ከፍቶ፣ እንጀራውን ከልጁ አካፍሎ፣ ፊቅሁ እንዲቀራ ያደረገው እሱ ነው። ይህ ሰው ከዒልም ውጭ ነው የምንለው በምን ደሊል ነው?

እኔ ራሴ የቀራሁት በገጠር መስጊድ ነው። ከሱብሒ በኋላ የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ፣ ከዙህር በኋላ ነሕው፣ የጁምዓ ሌሊት ደግሞ ሐድራ። ያው ሸኽ፣ ያው ምንጣፍ፣ ያው ሰዎች። ቀን በፊቅህ መስአላ አንዲት ፊደል የማያሳልፉት ሸኽ ማታ ሰለዋት ሲባል ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ሁለት ሃይማኖት ውስጥ እንዳለን ያሳሰበን ሰው አልነበረም፤ ሁለት እንዳለ የነገረን ሰው ቢመጣ ኖሮ የትኛው ሰዓት ላይ እንደሚለያዩ እንጠይቀው ነበር።

መንዙማውንም ተመልከቱ። በንድፈ ሐሳቡ ዜማ የማያነብ ሰው ሃይማኖት ነው። ወሎ ውስጥ ግን መንዙማ የሚደርሱት ዑለማኦች ናቸው። ሸኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈርን ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በታዘዙ ጊዜ ከተቃወሙት አንዱ ናቸው። ዓሊም ናቸው፣ ሸኽ ናቸው፣ መንዙማ ደራሲ ናቸው። በአማርኛ ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል። እረኛውና ወፍጮ የምትፈጨው ሴት ኪታብ ባይገልጡም፣ ተውሒዱና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክ በዚህ ዜማ ጆሯቸው ደርሷል። ዜማው ለኪታቡ ድልድይ ነበር እንጂ ተቃራኒው አልነበረም። ይህን ለማየት ግን ቃሉን መስማት ያስፈልጋል፤ ሰዎቹ ሲወዛወዙ ከሩቅ ማየት አይበቃም።

እዚህ ላይ ነው የጌልነር ዋና ጉድለት ያለው። ይህን ከኔ በፊት ያየ ሰው አለ። ጠላል አሰድ ይባላል፤ መዲና የተወለደ አንትሮፖሎጂስት ነው። አባቱን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ «ወደ መካ የሚወስደው መንገድ» የሚለውን መጽሐፍ የጻፉት ሙሐመድ አሰድ ናቸው። ጠላል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው አንድ አጭር ጽሑፍ ጌልነርን ሲተች፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሙስሊሞች አይናገሩም፣ አያስቡም፣ ይንቀሳቀሳሉ እንጂ የሚል ይዘት ያለው ነገር ተናግሯል። እውነት ነው። የአትላሱ ሰው ለምን ወደ ሸኹ እንደሚሄድ ጌልነር ነው የሚነግረን፤ ሰውየው ራሱ ምን እንዳለ አንሰማም። ጠላል በፋንታው ያቀረበው፣ እስልምናን ለማጥናት የምትፈልግ ሙስሊሞች ከሚጀምሩበት ጀምር፣ ከቁርኣንና ከሐዲስ፤ ከዚያም ትክክለኛው ምግባር የቱ ነው ብለው ትውልድ ለትውልድ የተከራከሩበትንና ያስተማሩበትን መስመር ተከተል የሚል ነው። ለመድረሳ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሰነድ ተከተል ማለቱ ነው። የቅሬታ ያህል ልጨምር፦ የጠላል ጽሑፍ ጥልቅ ቢሆንም አንድም መንደር በስም ተጠርቶ ኑሮው አይታይበትም። ትክክለኛውን በር አሳይቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

በዚያ በር የገባው የኛው ሰው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተማሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ያለፉት ዶክተር ሑሴን አሕመድ። በ2001 በኔዘርላንድ ላይደን የታተመው መጽሐፋቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና ነው። እሳቸው ምን አደረጉ? ወደ ቂርአት ቦታዎቹ ሄዱ። ሽማግሌ ጠየቁ። የሸኾቹን ታሪክ የያዙ የዐረብኛ መናቂብ ፈለጉ፤ የቃሉን ከጽሑፉ፣ ጽሑፉን ከቃሉ ጋር አመሳከሩ። አንባቢን የሚያደክም ጎን አለው፤ አልሸሽግም። ስም በስም ላይ፣ ቦታ በቦታ ላይ ይከመራል፤ ባለቤቱ ያልሆነ ሰው በቶሎ ሊሰለቸው ይችላል። ነገር ግን ያ ክምር ነው መልሱ። እያንዳንዱ ስም «ከማን ቀራ? ማንን አቀራ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። አንድ ሸኽ በጎሳ ስላስፈለገ ብቻ የበቀለ አልነበረም፤ ሌላ ሸኽ ፊት ተንበርክኮ የቀራ ሰው ነበር።

ከሳቸው በፊት ስለ ኢትዮጵያ ሙስሊም በእንግሊዝኛ መደበኛ ተደርጎ ይጠቀስ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመው የትሪሚንግሃም መጽሐፍ ነው። ትሪሚንግሃም ሱዳን ውስጥ የአንግሊካን ሚሲዮን ኃላፊ ነበር። የታሪኩን ምዕራፍ ያዋቀረው በሁለቱ ሃይማኖቶች ግጭት ላይ ነው፤ ሕዝቡን ደግሞ በጎሳ በጎሳ ከፋፍሎ አስፍሯል። ዶክተር ሑሴን እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ኢትዮጵያ እስልምና የታሪክ አጻጻፍ ባወጡት ጽሑፍ ይህን ዓይነቱን አካሄድ ተችተዋል። ሚሲዮናዊ ስለሆነ ብቻ ግን አንጣለው። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በወረራው ዘመን በአገራችን ትልቅ ሹም ነበር፤ ሆኖም የሸዋን የሙስሊም ሱልጣኔት ታሪክ የያዘውን የዐረብኛ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳተመው እሱ ነው። ያ ሰነድ ባይታተም ኖሮ ስለ መኽዙሚዎች የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነበር። ሱረቱል ሑጁራት ላይ ወሬ ይዞ የመጣን ሰው በተመለከተ የታዘዝነው አጣርተን እንድንቀበል ነው። ማጣራት ሥራ ይጠይቃል፤ መጣል ቀላል ነው።

የኛ ቀደምቶችም ይህን ሥራ በሌላው ሃይማኖት ላይ ሠርተውታል። አቡ ረይሓን አልቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ1030 ገደማ ስለ ሕንድ ሃይማኖት ሲጽፍ ሳንስክሪት ተምሮ፣ የሕንድ ሊቃውንትን ጠይቆ፣ መጻሕፍታቸውን አንብቦ ነው። በሃይማኖታቸው አላመነም። ያሉትን ግን እንዳሉት ጻፈ። ከፕሮፌሰሮቹ የምንጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለናንተ ለቤተሰብ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ያደርጋል። ክፍፍሉ በዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ቢቀር ኖሮ ይህን ሁሉ ቀለም አላፈስም ነበር። ችግሩ ከክፍሉ ወጥቶ ቤታችን ገብቷል። ከተማ ያደገ ልጅ የአያቱን መስጊድ ሲያይ «እነዚህ የገጠር ሰዎች ናቸው፤ ዲን ከተማ ነው ያለው» ይላል። የተማረው ልጅ «ሕዝባዊ» ይለዋል፤ ያልተማረው ደግሞ «ድሮ እውቀት አልነበረም» ይለዋል። ቃሉ ይለያይ እንጂ ሚዛኑ አንድ ነው። አያትየው ሲሞቱ ኪታባቸው ምን ይሆናል? እውቀት ያልነበረበት ቤት ኪታብ ማን ይጠብቃል? አንዱ ምስጥ ይበላዋል፤ ሌላው ለቱሪስት ይሸጣል። በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የነበረ አንድ የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2018 በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን የእስልምና ጽሑፎች ሲመዘግብ ቆይቷል። እነሱ ከሩቅ መጥተው ዋጋ የሰጡትን እኛ ሳጥን ውስጥ እያለ ዋጋ ከነፈግነው ምን ይባላል?

አንድ ነገር ላለማድበስበስ ልናገር። ስለ ዚያራ አዳብ፣ ስለ ሐድራና ስለ መውሊድ ዑለማኦች ተከራክረዋል፤ ዛሬም ይከራከራሉ። የሚቃወመውም የሚደግፈውም ደሊሉን ያቀርባል። ያ ክርክር የቤታችን ክርክር ነው፤ ይህ ጽሑፍ በሱ ላይ ለመፍረድ አልተጻፈም። ነገር ግን አንድን ተግባር በቁርኣንና በሐዲስ መርምሮ «ይህ ትክክል አይደለም» ማለትና፣ የሠራውን ሰው ገጠሬ ስለሆነ ዓሊም ሊሆን አይችልም ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ከሰውየው ጋር መነጋገር ነው፤ መልስ ሊሰጥበት ይችላል። ሁለተኛው አፉን መዝጋት ነው። ሸኹን በደሊል የሚሞግት ወጣት ሸኹን ዓሊም አድርጎ ተቀብሏል፤ «ሕዝባዊ» ብሎ የሚያልፋቸው ግን ሊሞግታቸው እንኳ አልፈለገም።

ስለዚህ ልጃችሁ ለዩኒቨርሲቲ የጥናት ጽሑፍ ርእስ ሲፈልግ ወደ አያቱ ሳጥን ላኩት። መጠይቁ ላይ «የሃይማኖት ደረጃዎ» የሚል ሣጥን ምልክት ከማስደረጉ በፊት ይጠይቅ፦ ከማን ቀሩ? የት? የትኛውን ኪታብ? ከሸኹ ጋር የቀሩት እነማን ነበሩ? መልሱን በቀን ይመዝግብ። ከዚያ ኪታቡን ቀስ ብሎ ይግለጥ። በቆዩ ኪታቦች ላይ በመስመሮቹ መካከልና በገጹ ዳር ደቃቅ ጽሕፈት ይገኛል፤ ደረሳው ሸኹ ሲፈስሩ እየሰማ ያሰፈረው ነው። አንዳንዱ ዐረብኛ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ፊደሉ የዐረብ ሆኖ ቃሉ አማርኛ ነው፤ ጮክ ብሎ ካላነበበው በቀር አማርኛ መሆኑን አያውቅም።